ቴስታታውን ሳታስከፍት ሞተር አትግዛ

ለውድ ወንድሜ አበባው፣

እንደምን ከረማችሁ? እኔ ደህና ነኝ፣ ሥራም አለ፣ አታስቡ። ዝም ያልኩት ገንዘቡ እስኪሞላ ነው፤ ዛሬ ልኬዋለሁ። የጠየቅኸኝ የጀልባ ሞተር መግዣ ግን አይደለም፤ የተቃጠለው ይታደስ። ሳትቆጣ አንብበኝ።

መካኒኩ «አንዱ ሲሊንደር ግፊቱ 95 ፒ.ኤስ.አይ፣ ሌላው 40፤ ሁለቱም አልቀዋል» አለህ። 40ው እውነት ነው፤ 95ቱ ግን ጤነኛ ነው። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ስለሚሳሳ መለኪያው ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ዝቅ ይላል። አንተ የሁለቱን ልዩነት ተመልከት፤ ከ10 በመቶ ካለፈ ዝቅ ያለው ታሟል። ሁለቱንም ካንዴላ አውጣ፣ ቤንዚን መስጫውን እስከ መጨረሻ ክፈት፣ የግፊት መለኪያው መርፌ መውጣቱን እስኪያቆም ገመዱን እየሳብክ ራስህ ለካ።

ከዚያ ቴስታታው፣ የሲሊንደሩ ክዳን፣ ይከፈት። የሲሊንደሩን ግድግዳ በጥፍርህ ዳስስ፤ ጭረቱ ጥፍር ከያዘ ቶርኖ ቤት ይሰፋል። ለባለሁለት ሲሊንደሩ ያማሃ 40፣ 0.25 እና 0.50 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ፒስተን ይገኝለታል። መጀመሪያ ፒስተኑን ግዛ፣ ሲሊንደሩ በእሱ ልክ ይስፋ። ግድግዳው ላይ ያሉት የጋዝ መስኮቶች ጠርዛቸው ካልለሰለሰ አዲሱ የፒስተን ቀለበት ተይዞ ይሰበራል። የመኪና ብቻ የለመደ ባለሙያ ይህን ይዘለዋልና አጠገቡ ቁም።

ሞተሩን የሚያስጥለው ኮሎው፣ የሚሽከረከረው ዋናው ዘንግ፣ ነው። ቤላውን፣ ፒስተኑን ከኮሎው የሚያያይዘውን ክንድ፣ ይዘህ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቀው። ወደ ጎን ትንሽ መንሸራተቱ ያለ ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች ቋቋ ካለ ግን ኩሽኔታው ሄዷል። ያኔ፣ ወይም የጥገናው ወጪ የደህና ሞተር ዋጋ ግማሽ ካለፈ፣ ጻፍልኝ፤ እንገዛለን።

«ከዱባይ ያገለገለ ላክልን» ላልከው፣ እዚህ ሞልቷል፣ ቀለሙም ያበራል። ውስጡን ግን ጨው በልቶታል፤ የውሃ መንገዱ ተደፍኖ፣ ብሎኑ ሲፈታ የሚቆረጥ ነው። የኛው ጨው በማያውቅ ውሃ ኖሯል፣ ሊታደስ የሚገባው ለዚህ ነው። ገንዘብ ሰስቼ እንዳይመስልህ።

ደግሞ ያቃጠለው ምክንያት ካልታወቀ አዲሱም ይቃጠላል። እኔ እምቦጩን ነው የምጠረጥረው፤ የውሃ መሳቢያውን ሲሸፍን ሞተሩ ይግላል። የፓምፑን ላስቲክ አውጥተህ እይ፤ ክንፉ ከተቆረሰ ቁራጩ ቧንቧው ውስጥ አለና ሳታገኘው አትግጠም። የሚተፋው ውሃ ሲደክም ወዲያው አጥፋ። ዘይቱ የባጃጅ አይሁን፣ «ቲሲ-ደብልዩ 3» የሚለውን ግዛ፤ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር። አዲስ ፒስተን ሲገባ የመጀመሪያዎቹን 10 ሰዓታት 800 አድርገው፣ ጉልበቱንም አትጨርስበት።

የየሺ ሠርግ ከጥምቀት በኋላ መሆኑን ሰምቼ ደስታዬም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። እሷን ከዘጌ ወዲህ በጀልባ የምትሻገር ሙሽራ ሆና ሳላያት! ሞተሩ 10 ሰዓቱን ካልሞላ ሚዜ ጭነህበት እንዳትወጣ፣ ሌላ ጀልባ ተከራይ፤ የኪራዩን እኔ እችላለሁ።

ከላክሁት መጀመሪያ የእማዬን የግፊት መድኃኒት አውጣ። ጨርሳ ሳለ «አለኝ» እንደምትል አውቃለሁ፣ ዕቃውን ራስህ ክፈተው። የቴስታታውን አሮጌ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) መልሰህ እንዳትገጥም። ሲከፈት ፎቶ ላክልኝ፤ የሲሊንደሩንም የእማዬንም።

ወንድምህ