ታንኳ ሲሠራ ለማየት ከመጣህ

ይድረስ ለምወድህ ወዳጄ፤

ለጤናህ እንዴት ከርመሃል? ቤተሰቡስ ደህና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ያህል ጊዜ ሳልጽፍልህ መቆየቴ ጥፋቱ የኔ ነውና ይቅር በለኝ። ባሕር ዳር ስትመጣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ግድም ወዳለው፣ ታንኳ በመሥራት የሚታወቀው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ሰፈር ሄደህ ታንኳ ሲሠራ ማየት እንደምትፈልግ ነግረኸኝ ነበር። መልሱ ቢዘገይም ይኸው።

አመጣጥህ ከኅዳር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ይሁን፤ ታንኳ የፀሐይ ሥራ ነው። ታንኳው የሚሠራበት ደንገል፣ ማለትም ውኃ ውስጥ የሚበቅለው ረጅም ተክል፣ እርጥቡን በማጭድ ይታጨድና ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ካልተገላበጠ የታችኛው ይሻግታል። እስኪ አንዱን ዘንግ ሰብረህ ተመልከተው፦ ዙሪያው ሦስት ማዕዘን፣ ውስጡ ነጭና እንደ ስፖንጅ አየር የያዘ ነው። ታንኳውን የሚያንሳፍፈው ይኸው አየር ነው። በደንብ ሳይደርቅ የታሰረ እንደሆነ በኋላ ይኮማተርና ማሰሪያው ይላላል፤ ከልክ በላይ የደረቀው ደግሞ የታንኳውን አፍንጫ ወደ ላይ ሲያጎብጡት ቀጭ ይላል። ልኩን የሚያውቀው የሠሪው እጅ ነው።

አስተሳሰሩ ላይ ዓይንህን አትንቀል። የደንገሉን እስር በጉልበት ተጭኖ ማሰሪያ ልጡን መሳብ ከባድ ጉልበት ይጠይቃል፤ አንድ ቦታ ከላላ ውኃ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ የሚከፈተው እዚያ ነው። ወፍራሞቹ እስሮች ጎንና ጎን ይሆናሉ፣ ቀሪዎቹ ወለል። ዘንጉ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ አፍንጫው ሾጣጣ ሆኖ ይወጣል።

ስትሳፈርበት እግርህ ሥር ውኃ ብታይ አትደንግጥ። ታንኳ ውኃ የሚከለክል ግድግዳ የለውም፤ ራሱ ደንገሉ ነው የሚንሳፈፈው። መቀመጫ ላይ ሌላ የደንገል ንብር የሚደረበው ተሳፋሪው እንዳይርስ ነው። ቁጭ በል እንጂ አትቁም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ ጠዋት ይሻላል፤ ግን ገና ሳይነጋ አይሁን፣ ያኔ ጉማሬ ዳር ላይ ነው።

ታንኳ ከውኃ በወጣ ቁጥር ቀጥ ብሎ ቆሞ ካልተንጠፈጠፈ እየከበደ ይሄድና ይበሰብሳል፤ በደንብ ቢያዝ እንኳ ዕድሜው የወራት ነው። በ1961 ዓ.ም. ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል አትላንቲክን ሊያቋርጥበት «ራ» የተባለችውን ጀልባ ያሠራው ከጣና በተወሰደ ደንገል መሆኑን ታውቅ ኖሯል? ጉዞዋ ከዳር ሳይደርስ ቀረ፤ በዓመቱ የተሠራችው ሁለተኛዋ ግን ተሻገረች።

ለማስታወሻ ትንሽ ታንኳ ወይም ቅርጫት ከገዛህ አሽትተው፤ የሻጋታ ሽታ ካለው ተወው። ዋጋ ስትከራከር ውኃ ውስጥ ቆሞ የሚያጭደውን ሰው አስብ። ፎቶ ከማንሳትህ በፊት አስፈቅድ፤ ሰፈሩ የሰው ቤት ነው፣ እባክህ ይህን አደራ።

የምትመጣበትን ቀን አስቀድመህ ጻፍልኝ፤ ደንገሉ በሚታጨድበት ሰሞን እንድትደርስ እጠይቅልሃለሁ።

ናፋቂ ወዳጅህ
ከባሕር ዳር