ፎቶግራፍ ያነሣ ሰውም የድካሙ ዋጋ ይገባዋል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በየዓመቱ ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ መተማ ወርጄ ሰሊጥ አጭዳለሁ፤ ኅዳር ላይ ወደ ፎገራ ተመልሼ በሩዝ አጨዳና ውቂያ እቀጠራለሁ፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ደግሞ ከሁለቱ ሥራዎች ያጠራቀምኋትን ገንዘብ ስንቅ አድርጌ፣ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ባሉት የሸሸርና የወላላ ረግረጋማ ቦታዎች የሚከርሙትን ወፎች ፎቶግራፍ አነሣለሁ። ለዝግጅት ክፍላችሁ ለመጻፍ የተነሣሁት መሥሪያ ቤቶች እንደ እኔ ያለውን ሰው ፎቶግራፍ ሳያስፈቅዱና ሳይከፍሉ ማተማቸው እንደ ነውር መታየቱ ስለቀረ ነው።

የሰሊጥ ሥራ ጥድፊያ ነው፤ ደርሶ ቶሎ ካልታጨደ ፍሬው ይረግፋል። በዚያ ቆላ ወባና በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛር የሚባለው በሽታ የቀን ሠራተኛውን ስለማይለቁት አንዳንዱ ያገኘውን ገንዘብ ለሕክምና ከፍሎ ባዶ እጁን ይመለሳል። ካሜራዬን ለአቧራውና ለሙቀቱ ስለምሰስት በጨርቅ ጠቅልዬ ወረታ እናቴ ዘንድ አስቀምጠዋለሁ። ሩቁን አቅርቦ የሚያነሣውን ያገለገለ ባለ 400 ሚሊሜትር ሌንሴን የገዛሁት በሁለት የሰሊጥ ወቅት ገቢ ነው። ሆኖም ይህ ኑሮ ለዚህ ሙያ የሚመች ነገር እንዳለው አልክድም፤ ደመወዝተኛ ቅዳሜና እሑድን ብቻ ሲያገኝ እኔ ወፎቹ በሚከርሙበት በጋ ሙሉ ወራት አሉኝ።

በመጽሐፍ ክሬን የሚባሉት ቁመተ ረጃጅም ግራጫ ወፎች ከሩሲያና ከሰሜን ምሥራቅ አውሮፓ ተነሥተው በሺዎች ሆነው ወደ ፎገራ ሜዳ ይመጣሉ። ሌሊቱን ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ያድሩና ጎሕ ሲቀድ ከታጨደው ማሳ የወዳደቀ እህል ለመልቀም ይበራሉ። እነርሱን በብርሃን ለማግኘት ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥቼ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ፀሐይ ወጥታ ጉሙ እስኪሳሳ ድረስ ያለችው ጊዜ በጣም አጭር ናት። ወፎቹ ከብት ስለማይፈሩ ከእረኞች ጋር ተቀምጬ፣ የከብቱ መንጋ ወደ ወፎቹ ሲጠጋ አብሬ መጠጋትን የተማርሁት ከብዙ ባዶ ጠዋቶች በኋላ ነው። ራሱ ላይ ወርቃማ አክሊል ያለው ጥቁር ክሬን ግን የአገራችን ነዋሪ ስለሆነ ክረምትም አይለየንም፤ እርሱ በሚራባበት በሐምሌና በነሐሴ እኔ በአረም ሥራ ላይ ስለምሆን ጎጆው አጠገብ ሆኜ ያነሣሁት ፎቶግራፍ እስካሁን የለኝም፤ ይህ ዘወትር ይቆጨኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ባሳተመው የግድግዳ የቀን መቁጠሪያ ላይ ከነዚህ ጠዋቶች በአንዱ ያነሣሁትን ፎቶግራፍ አየሁ። ከታች ጥግ ላይ የጻፍሁት ስሜ ተቆርጦ ወጥቷል። ሄጄ ስጠይቅ ያነጋገሩኝ ኃላፊ በትሕትና ተቀብለውኝ «ከኢንተርኔት ያገኘነው ነው» አሉኝ። ክፋት አላየሁባቸውም። ነገር ግን ለወረቀቱ፣ ለማተሚያ ቤቱና ለሾፌሩ የከፈለ መሥሪያ ቤት ሥዕሉን ብቻ በነጻ መውሰዱን ምን ብዬ ልቀበለው? እኒያው ሰው በማሳቸው አንድ ቀን ያረምሁላቸው ቢሆን ኖሮ ሳይከፍሉ ሊያሰናብቱኝ እንደማይችሉ እርግጠኛ ነኝ።

ሕጉም ቢሆን ለእኛ ጠንካራ ከለላ አልሆነም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለአብዛኞቹ ሌሎች ሥራዎች ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ጥበቃ ሲሰጥ፣ ለፎቶግራፍ የሚሰጠው ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ብቻ ነው። ከዚህም በላይ ፎቶግራፉ ጥበቃ እንዲያገኝ የስብስብ አካል መሆን ወይም በመጽሐፍ መታተም፣ አለዚያም የአንሺውን ወይም የወኪሉን ስምና አድራሻ መያዝ አለበት። ግማሹን ዓመት በሰው እርሻ ዳስ ውስጥ የሚያድር ሰው የትኛውን አድራሻ ይጻፍ? ስሙስ ተቆርጦ ከተጣለ በኋላ የእርሱ መሆኑን በምን ያስረዳ? ሕግ አውጪዎች ይህን ቅድመ ሁኔታ እንዲያነሡ እጠይቃለሁ። እስከዚያው ድረስ ግን መሥሪያ ቤቶች አዋጅ እስኪሻሻል ሳይጠብቁ ፈቃድ መጠየቅ፣ ስም ማተምና ቢያንስ የጥቂት ቀናት የጉልበት ሥራ ዋጋ መክፈል ይችላሉ።

ይህን አጥብቄ የምለው ለእኔ ገቢ ብቻ ብዬ አይደለም። የጣና ዙሪያ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት፣ ማለትም ተፈጥሮና የሰው ኑሮ አብረው እንዲጠበቁ በተከለለ ቦታነት ተመዝግቧል፤ ሆኖም ሸሸርና ወላላ ውኃቸው ለመስኖ በፓምፕ እየተሳበ፣ ዳርቻቸውም እየታረሰ በዓይናችን ፊት ጠበዋል። ገበሬው የሚያርሰው ቸግሮት መሆኑን አብሬው ስለምውል አውቃለሁ። ቢሆንም በየዓመቱ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ወር ቆሞ የውኃውን ልክ የሚያነሣ ሰው ከሌለ ምን እንደ ነበረና ምን እንደ ቀረ የሚያሳይ ነገር አይኖረንም። ያ ሰው ደግሞ ስንቁ ጥር ላይ ካለቀበት ካሜራውን አስቀምጦ የቀን ሥራ ፍለጋ ይሄዳል፤ እኔም በሁለት በጋዎች ይህንኑ ለማድረግ ተገድጃለሁ፤ የእነዚያ ዓመታት የካቲት በመዝገቤ ውስጥ ባዶ ነው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሁለት ፎቶግራፎች አያይዣለሁ፤ ሁለቱም በሸሸር ዳርቻ ከአንድ ቦታ፣ በጥር ወር፣ በተለያዩ ዓመታት የተነሡ ናቸው። በመጀመሪያው ወፎቹ ውኃ ውስጥ ቆመዋል፤ በሁለተኛው በዚያው ስፍራ የሽንኩርት መደብ ይታያል። ልታትሟቸው ከወደዳችሁ በነጻ ፈቅጃለሁ፤ ከሥራቸው ግን ስሜ ይጻፍልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ወረታ