«የሰከነው» ፓርቲም ወሬ ይነዛ ብሎ ነበር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ግብፁ አል-ዋሳት ፓርቲ ባለፈው እሑድ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ አንዷ ዓረፍተ ነገር አልዋጥ ብላኛለች። በህዳሴ ግድባችን ጉዳይ የዛቱት ጽንፈኞቹ ብቻ እንደነበሩ፣ መሀል ሰፋሪው አል-ዋሳት ግን «የሰከነ ድምፅ» እንደነበረ ጸሐፊያችሁ ነግሮናል።

የሰከነ! ግንቦት 26 ቀን 2005 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሙርሲ የጠሩት ስብሰባ በቴሌቪዥን በቀጥታ ሲተላለፍ፣ ዓባይ ለግድቡ ሥራ አቅጣጫውን ከቀየረ ሳምንት አልሞላውም ነበር። የአክራሪዎቹ እስላማውያን፣ የሳለፊዎቹ፣ የኑር ፓርቲ መሪ የኢትዮጵያ አማፂያን ይደገፉ አሉ። የአል-ዋሳቱ መሪ አቡ ኤልኤላ ማዲ ደግሞ ግብፅ ግድቡን ልታፈርስ ነው የሚል ወሬ ቢነዛ ኢትዮጵያውያን ፈርተው ይተባበራሉ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሊበራል የሚባሉት አይማን ኑርም፣ ነዳጅ በአየር ላይ የሚሞሉ አውሮፕላኖች አገኘን ብለን እናስወራ ባይ ነበሩ። አክራሪው «ይፍረስ» ሲል መሀል ሰፋሪው «ሊፈርስ ነው በሉ» ይላል። ስክነት ይህ ከሆነ እኔም ሰክኛለሁ።

ፓርቲውን ከሥሩ ልኮንን አይደለም። በ1988 ዓ.ም. ከሙስሊም ወንድማማቾች ተነጥለው ሲወጡ ክርስቲያኑን ራፊቅ ሐቢብን ጭምር ይዘው ነበር። ፈቃድ ለማግኘትም ሙባረክ እስኪወርዱ፣ እስከ የካቲት 2003 ዓ.ም. ድረስ ደጅ ጠንተዋል። ሙርሲ ሲገለበጡ ማዲ ታስረው ሁለት ዓመት ገደማ ከርመዋል። ይህን ሁሉ አሳምራችሁ ጽፋችኋል። ታዲያ እኛ ላይ የተባለው ጋ ስትደርሱ ብዕራችሁ ምነው ደረቀ?

ወሬ ጉባ ድረስ አይሄድም፤ የሚያገኘው አጠገቡ ያለውን ሐበሻ ነው። ያኔ ካይሮ፣ አርድ ኤል-ሌዋ እየኖርኩ ሰው ቤት እሠራ ነበር። ባለሱቁ ዳቦው ከኋላው ተደርድሮ «ዳቦ የለም» አለኝ። አከራያችን ቤት ልቀቁ አሉን፤ ያስያዝነውን ብር እስከ ዛሬ አልመለሱም። ማዳም ደግሞ ዕቃ ሳጥብ አጠገቤ ቆመው «ውኃችንን ልታስቀሩብን ነው አሉ?» ይሉኛል፤ የዓባይ ቁልፍ እኔ እጅ ያለ ይመስል! አብራኝ የምትኖረው ልጅ ደግሞ ከሚኒባስ ውረጂ ተብላ በእግሯ ገብታለች። እሷን ማን ጠየቀ?

የፕሬዚዳንቱ አማካሪ ፓኪናም ኤል-ሻርቃዊ በኋላ ይቅርታ ጠይቀዋል። ስብሰባው በቀጥታ እንደሚተላለፍ ለፖለቲከኞቹ ባለመንገራቸው ነው ይቅርታው፤ ስለተባለው ነገር አይደለም። እነሱስ እሺ፣ የሌላ አገር ሰዎች ናቸው። እናንተ ግን በዚያ ሙሉ ገጽ ውስጥ ያን ሰሞን ካይሮ የነበረ አንድ ኢትዮጵያዊ አፈላልጋችሁ ማነጋገር አቅቷችሁ ነው?

ዓረፍተ ነገሯ ትታረም፤ ማዲ ያሉትም ጽሑፉ በወጣበት ገጽ ላይ ይውጣ። ዓረብኛ የሚሰማ ሰው ከጠፋ ሰው ቤት የለመድኩት ይበቃል፤ ቢሯችሁ ድረስ መጥቼ በነፃ እተረጉምላችኋለሁ።

የቀድሞ የካይሮ ነዋሪ
ከአዲስ አበባ