ሐር ያልሆነውን ሐር ባትሉን

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ባለፈው ክረምት ለታናሽ እህቴ የአራስ ቤት ስጦታ እንዲሆናት፣ ከፊት የሚከፈትና በመቀነት የሚታሰር የቤት ውስጥ ጋውን በገዛ እጄ ለመስፋት አሰብሁ። ጨርቅ ፍለጋ ጅማ መርካቶ ወርጄ፣ አንድ ነጋዴ «ንጹሕ ሐር ነው እህቴ» ያለኝን ወይን ጠጅ ጨርቅ 4 ሜትር አስቆርጬ፣ የሐር ዋጋ ከፍዬ ተመለስሁ።

የሚያንሸራትት ጨርቅ እንደ አቡጀዲ አይታዘዝም። ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጉት ስለሚሸሽ ከሥሩ አሮጌ አንሶላ አነጠፍሁለት፤ ስፒል የወጋው ቦታ ቀዳዳው ስለማይደፈንም፣ ስፌቱ ውስጥ በሚቀረው ጠርዝ ላይ ብቻ እየሰካሁ ቆረጥሁት። የስፌት መኪናዬን መርፌም በቀጭኑ ባለ 70 ቁጥር ለወጥሁ። ጫፉ በቀላሉ የሚተረተር በመሆኑና ጫፍ የሚዘመዝም ኦቨርሎክ መኪና ስለሌለኝ፣ መጀመሪያ በውጭው ገጽ በኩል ሰፍቼ፣ ጠርዙን አሳጥሬ ከከረከምሁ በኋላ ገልብጬ በውስጥ በኩል ደገምሁት፤ እንዲህ ሲደረግ ጥሬው ጫፍ በሁለቱ ስፌቶች መካከል ተደብቆ ስለሚቀር የሕፃን ገላ የሚነካ ክር አይወጣም። እጅጌው ብቻ ሁለት ምሽት ፈጀብኝ።

በሦስተኛው ምሽት፣ ቡና እየተቆላ የእጅጌውን ጫፍ በእጅ ስለቅም፣ ከከሰሉ አንዲት ፍንጣሪ ዘልላ ጭኔ ላይ ባለው ጨርቅ አረፈች። ጨርቁ አልነደደም፤ ተኮማትሮ ቀለጠና ዙሪያው እንደ ፕላስቲክ የደረቀ ቀዳዳ ተወ። ከቁራጩ ጥቂት ክር መዝዤ በክብሪት ብሞክረው ያው ጠጣር ጥቁር ፍሬ ሆነ። እውነተኛ ሐር ሲቃጠል የጠጉር ሽታ ይሸታል፤ አመዱም በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። የያዝሁት ፖሊስተር ነበር።

ፖሊስተር ሳቲን ነውር የለበትም፤ ርካሽ ነው፣ ለመታጠብም አያስቸግርም። ሳቲን የአሸማመን ስልት እንጂ የክር ዓይነት ባለመሆኑ ከሐርም ከፖሊስተርም ይሠራል፤ ስለዚህ ማብለጭለጩ ብቻ ምስክር ሊሆን አይችልም። እንዲያውም በአገራችን የሚረባው፣ የጉሎ ቅጠል የሚመገበው የሐር ትል ክሩ እንደ ጥጥ የሚፈተል በመሆኑ ይህን ያህል አያንጸባርቅም። ቅሬታዬ ስሙ ላይ ነው። ሐር ላብ ይመጥጣል፣ ፖሊስተር ግን ያፍናል፤ እሳት ሲነካው የሚቀልጥ ጨርቅ ደግሞ ገላ ላይ ይጣበቃል። ከሰል ከቤት በማይጠፋበት እንደ ጅማ ባለ የቡና አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የከተማችን የጨርቅ ነጋዴዎች ፖሊስተሩን ፖሊስተር ብለው እንዲሸጡልን፣ ሐር ነው የሚሉትንም ገዢው አንዲት ክር መዝዞ ደጃፍ ላይ ለኩሶ እንዲያይ እንዲፈቅዱ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

እጅጌውን አሳጥሬ ጋውኑን ጨርሻለሁ፤ እህቴም ወዳዋለች። ቡና ሲፈላ ግን አውልቂው ብያታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት አንባቢያችሁ፣ ከጅማ