ቃሉ የየትኛው ዓመት በጀት ነው?

ለተከበረው ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል፤

የምርጫ ሰሞን በመጣ ቁጥር ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ «ፖለቲከኛ መቼም ቃሉን አይጠብቅም» ሲባል ይሰማል። ቁጣው እውነተኛ ነው። ነገር ግን ሰውየውን ውሸታም ብለን ስንተወው ቃሉ የት ቦታ ላይ እንደተሰበረ ሳንጠይቅ እንቀራለን፤ የሚጎዳንም ይኸው ነው።

በ12 አገሮች የተደረጉ 57 ምርጫዎችንና ከ20 ሺህ የሚበልጡ የምርጫ ቃሎችን የመረመረ ጥናት በ2017 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ብቻውን መንግሥት የመሠረተ ፓርቲ ሥልጣን ከተጋራው ይልቅ ቃሉን እንደሚፈጽም አሳይቷል። ለዚህ የእንግሊዙ የሊበራል ዴሞክራቶች ነገር ጥሩ ማሳያ ነው። የፓርቲው ዕጩዎች በ2010 እ.ኤ.አ. የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ጭማሪን እንቃወማለን ብለው ፈረሙ፤ ከወግ አጥባቂዎቹ ጋር ተጣምረው መንግሥት ከገቡ በኋላ ግን በዚያው ዓመት በዲሴምበር የክፍያው ጣሪያ ወደ 9,000 ፓውንድ ከፍ እንዲል ተወሰነ። በ2015 እ.ኤ.አ. በተደረገው ምርጫ ከ57 መቀመጫ ወደ 8 ወረዱ።

እኛ ዘንድ ሰበቡ ጥምረት አይደለም። ብዙ ሰው ልብ የማይለው የቀን መቁጠሪያው ነው። ስድስተኛው አገራዊ ምርጫ የተካሄደው ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤ የ2014 የበጀት ዓመት ከ17 ቀን በኋላ፣ ሐምሌ 1 ጀመረ። አዲሱ የአዲስ አበባ ምክር ቤት የተመሠረተው ግን መስከረም 18 ነው። ተመራጮቹ ወንበራቸውን ሲይዙ የዓመቱ ገንዘብ ከእነሱ በፊት በወጣ ዕቅድ ተደልድሎ፣ የመጀመሪያው ሩብ ዓመትም ሊያልቅ ምንም ያህል አልቀረውም ነበር። «በመጀመሪያው ዓመት እንሠራዋለን» የተባለ ሁሉ ተጨማሪ በጀት ወይም የበጀት ዝውውር ካልተገኘለት በወረቀት ላይ ይቀራል። ተመራጩ ራሱ አቅዶ የሚያጸድቀው በጀት የሚቀጥለው ዓመት ነው፤ እሱም ሐምሌ ላይ፣ በክረምቱ አናት ይከፈታል። ሐምሌና ነሐሴ ለቁፋሮ አይመቹም። ጨረታ ደግሞ የራሱን ወራት ይበላል፦ ዝርዝር ፍላጎት ማዘጋጀት፣ ማስታወቂያ፣ ግምገማ፣ ቅሬታ ማየት፣ ውል መፈራረም። ሥራው ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ ቢጀመር እንኳ ሌላ ክረምት ይደርስበታል። ሰኔ 30 ሲመጣ ደግሞ ያልተከፈለው ገንዘብ ተመላሽ ስለሚሆን በመጨረሻዎቹ ሳምንታት መሥሪያ ቤቶች የሚያደርጉት የችኮላ ግዢ ከቃሉ ጋር ምንም ላይገናኝ ይችላል።

ሌላው ችግር መደበኛና ካፒታል በጀትን ለያይቶ አለማየት ነው። «ለወረዳችሁ ጤና ጣቢያ እንሠራለን» ሲባል ሕንፃው የካፒታል በጀት ነው። የነርሶቹ ደመወዝ፣ መድኃኒቱ፣ የመብራቱና የውኃው ክፍያ ከመደበኛ በጀት ይወጣሉ። ሕንፃው ተመርቆ የሥራ መደቡ ካልተፈቀደ ቁልፍ የተንጠለጠለበት ቤት ይሆናል። በዕቅዱ ሪፖርት ላይ «ተፈጽሟል» ተብሎ ይጻፋል፤ ሕመምተኛው ግን ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል።

የሥልጣን ጉዳይም አለ። አዲስ አበባ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 23 መቀመጫ አላት፤ የከተማው ምክር ቤት ደግሞ 138። ለተወካዮች ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው የሰፈራችሁን ኮብልስቶን አነጥፋለሁ ካለ በእጁ የሌለውን እየሰጠ ነው፤ ያ የከተማው ሥራ ነው። ለከተማው ምክር ቤት የሚወዳደር ደግሞ የመብራት ታሪፍ አወርዳለሁ ካለ ነገሩ የፌዴራል ነው። ዕጩውም መራጩም ይህን ሳይለዩ ስብሰባው በጭብጨባ ይበተናል፤ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይኸው ነው።

የውጭ ምንዛሪውም አይረሳ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ፓምፕ፣ ትራንስፎርመር፣ አሳንሰር ከውጭ የሚገቡ ናቸው። ከዚያ በፊት በብር ተሰልቶ የተገባ ቃል የዋጋ ማስተካከያ ካልታሰበለት ተቋራጩ ሥራውን አቁሞ ይቀመጣል። ይህ ውሸት አይደለም፤ መጠባበቂያ አለመያዝ ግን ጥፋት ነው።

ቃል ከሚከበርባቸው ሥራዎች ብዙዎቹ ደግሞ ለዓይን የሚታዩት ናቸው፤ የመንገድ መብራት፣ የእግረኛ መንገድ፣ አረንጓዴ ቦታ። ከመሬት በታች ያለ የፍሳሽ መስመር ሪባን አይቆረጥለትም፤ ስለዚህ ቃል የሚገባለትም ጥቂት ነው። ለሰፈሩ ጤና የሚበጀው ግን እሱ ነው።

ስለዚህ በቅስቀሳ ስብሰባ ላይ እጁን የሚያወጣ ሰው ቢያንስ ይህን ይጠይቅ፦ ሥራው የየትኛው መሥሪያ ቤት ነው? ገንዘቡ በየትኛው ዓመት በጀት ይያዛል? ከካፒታሉ ሌላ በየዓመቱ የሚያስወጣው መደበኛ ወጪ ስንት ነው? እስከ ሰኔ 30 በዓይን የሚታየው የመጀመሪያው እርምጃ ምንድን ነው? አራቱንም የሚመልስ ዕጩ ሥራውን ያውቃል።

ከምርጫው በኋላ ደግሞ የመረጃ ነፃነት አዋጁ፣ ቁጥር 590/2000፣ አለ። በጀቱ ስንት እንደሆነና ምን ያህሉ እንደተከፈለ ለመሥሪያ ቤቱ ሕዝብ ግንኙነት በጽሑፍ ይጠየቃል፤ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ከተከለከለ አቤቱታው እስከ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ድረስ ይሄዳል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 12 ሕዝቡ አመኔታ ያጣበትን ተመራጭ ማንሳት እንደሚችል ይደነግጋል፤ ግን ማስረጃ ያልያዘ መራጭ በዚህ መብት ምንም አያደርግም።

ለጋዜጣችሁ የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። ዕጩዎች የገቡትን ቃል በቅስቀሳው ወቅት እንደተናገሩት መዝግባችሁ፣ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ከጸደቀው በጀት ጎን ለጎን በሠንጠረዥ አትሙልን። ገንዘብ ያልተያዘለት ቃል ባዶ ሆኖ ይታይ።

ከአክብሮት ጋር
ከአራዳ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ