ተቀባዩን የረሳ የዲጂታል ክፍያ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ዲጂታል ክፍያ ወሬ በተነሳ ቁጥር የሚነገረው ስለ ከፋዩ ነው፤ መተግበሪያውን እንዴት እንደሚጭን፣ የሚስጥር ቁጥሩን እንዴት እንደሚጠብቅ። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከፋዩ ለምዷል። በ2015 ዓ.ም. ነዳጅ በዲጂታል ካልሆነ አይቀዳም ሲባል ደግሞ ያልለመደውም ሳይወድ ለመደ። እዚህ ጅማ ላይ ነገሩ የሚበላሸው ከባንኮኒው በስተጀርባ፣ ገንዘቡን የሚቀበለው ሰው ዘንድ ነው። የሱቅ ሂሳብ የምንሠራ ሰዎች እንደመሆናችን፣ ሂሳቡ ማታ ማታ የማይገጥምበትን ምክንያት ብንጽፍ ለአንባቢ ይጠቅማል ብለን ነው።

አንደኛው ስክሪንሾት ነው። ደንበኛው ስልኩን ዘርግቶ «ተሳክቷል» የሚለውን ያሳያል፣ ባለሱቁ አየት አድርጎ ስኳሩን ያስረክባል። ምስሉ ግን የትናንት ሊሆን ይችላል፤ ስልክ ላይ በደቂቃ የተቀናበረም ሊሆን ይችላል። የከፋዩ ስልክ ምንም ያሳይ ምን፣ ገንዘቡ ገባ የሚባለው በተቀባዩ ሂሳብ ላይ ሲታይ ነው። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው። በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር ቁጥር «ገንዘብ ገብቶልዎታል» የሚል ቢመጣ፣ አጻጻፉ የቱንም ያህል ቢመሳሰል ውሸት ነው። መልእክቱ ውስጥ ያለው ቀሪ ሂሳብም ይታይ። ቀድሞ በነበረው ላይ አሁን የተከፈለው ሲደመር አዲሱን ቀሪ መስጠት አለበት። አጭበርባሪው መልእክቱን መኮረጅ ይችላል፣ ሂሳብዎ ውስጥ ስንት እንዳለ ግን አያውቅም።

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የዝውውር ቁጥር ደግሞ ራሱ ቀን ይናገራል። «ኤፍ ቲ» (FT) ከሚሉት ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ቀጥለው ያሉት ሁለት አኃዞች የፈረንጆቹ ዓመት ናቸው፤ ከዚያ ያሉት ሦስቱ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ የተቆጠሩ ቀናት። ኤፍ ቲ 25032 ብሎ የሚጀምር ቁጥር የፌብሩዋሪ 1 ቀን 2025፣ በእኛ የጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ዝውውር ነው። ይህን ቁጥር ከወር በኋላ «አሁን ነው የላክሁት» ብሎ የሚያሳይ ሰው ቢመጣ ባንክ ሳይደወል ይታወቃል። የዓመቱን የቀን ቁጥር የያዘ ካላንደር ከባንኮኒው ጀርባ መለጠፍ ብዙ ወጪ የለውም።

«ኔትወርክ የለም» የሚለው ሰበብም ይጣራ። አብዛኛውን ጊዜ የጠፋው የሞባይል ዳታ ነው። የቴሌብሩ 127 በኮከብና በመሰላል (*127#)፣ ወይም የንግድ ባንኩ 889 (*889#)፣ ያለ ዳታ በማንኛውም ባለ ቁልፍ ስልክ ይሠራሉ፤ ቀሪ ሂሳብም በዚያው ይታያል። እርግጥ ነው በዚህ መንገድ ሲከፈል አንዳንዴ መሀል ላይ ይቋረጣል። ያን ጊዜ ደንበኛው ደንግጦ እንደገና ይልካል፣ ገንዘቡም ሁለቴ ይሄዳል። ከመድገም በፊት ቀሪ ሂሳብ ማየት ይቅደም። ከአንድ ባንክ ወደ ሌላ ተልኮ ከላኪው ተቀንሶ ለተቀባዩ ያልደረሰ እንደሆነ ደግሞ አቤቱታው የሚቀርበው ላኪው ባንክ ዘንድ ነው፣ የዝውውር ቁጥሩ ተይዞ። ብዙ ሰው ግን በተቀባዩ ባንክ ሰልፍ ላይ ግማሽ ቀን ያቃጥላል።

ብዙ ሱቅ ውስጥ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ቁጥር የአሻሻጩ የግል ቁጥር ነው። ልጁ ሥራ ሲለቅ የሱቁ የሂሳብ ታሪክ አብሮት ይወጣል። በግብር መክፈያ ቁጥርና በንግድ ፈቃድ የነጋዴ ሂሳብ ማስከፈት ይሻላል። ይህን የማይፈልግ ነጋዴ ኔትወርክ ጠልቶ አይደለም፤ ግብር ፈርቶ ነው፣ እርስ በርሳችን አንሸዋወድ። የነጋዴ ሂሳብ ከተከፈተ በኋላም አንድ ጣጣ አለ። መልእክቱ የሚደርሰው ለባለቤቱ ስልክ ከሆነና ባለቤቱ አጋሮ ከተማ ከዋለ፣ አሻሻጩ በየክፍያው ይደውላል፤ ስልኩ ካልተነሳ ስክሪንሾቱን አምኖ ይሸጣል። ስለዚህ ሂሳቡ የተመዘገበበት ሲም ካርድ ከሱቁ በማይወጣ ርካሽ ስልክ ውስጥ ይቀመጥ። የሚስጥር ቁጥሩን ባለቤቱ ብቻ ይያዝ። ደብተር ላይ ሰዓቱ፣ የብሩ መጠንና የዝውውር ቁጥሩ የመጨረሻ አራት ምልክቶች ይጻፉ፤ ማታ ከሂሳቡ ዝርዝር ጋር አንድ በአንድ ይመሳከሩ። ኪውአር ኮድ የለጠፈ ደግሞ ጠዋት ሲከፍት በሌላ ስልክ ስካን አድርጎ የሚወጣው ስም የራሱ መሆኑን ይይ። በላዩ ላይ የሌላ ሰው ኮድ መለጠፍ ሙጫ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ወደ ቡናው እንምጣ። ከጥቅምት ጀምሮ በጎማ፣ በማና፣ በጌራ ወረዳዎች እሸት ቡና ሲሰበሰብ ገዢው ብር በከረጢት ይዞ ገጠር መዞሩ አደገኛ ነው፤ በስልክ መክፈሉ በዚህ ረገድ ትልቅ እፎይታ ነው። ገበሬው ግን በስልኩ የገባለትን በጥሬ ብር ለማውጣት ወደ ወኪል ይሄዳል። ወኪል ሁለት ነገር ሊኖረው ይገባል፣ በስልኩ ውስጥ ያለ ሂሳብና በመሳቢያው ያለ ጥሬ ብር። በቡና ወቅት ሁሉም አውጪ ነው፣ አስገቢ የለም። ስለዚህ የስልኩ ሂሳብ እየሞላ መሳቢያው እኩለ ቀን ሳይደርስ ይራቆታል። ወኪሉ ብር ፍለጋ ባንክ ይሰለፋል፣ ገበሬው ወኪሉ በር ላይ ይሰለፋል። መፍትሔው ተጨማሪ ወኪል ብቻ አይደለም። ጨው፣ ቆርቆሮና ዘይት የሚሸጠው የገጠር ከተማ ሱቅ በስልክ ከተቀበለ ገበሬው ብሩን ሳያወጣ ይጠቀምበታል፤ ሱቁም ለጅማ አከፋፋይ በዚያው ይከፍላል። ይህ ሰንሰለት አንድ ቦታ ከተቆረጠ ሁሉም ወደ ጥሬ ብር ይመለሳል።

ሐሙስ ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ውስጥ ኮረሪማ ወይም ጎመን የምትሸጠው እናት ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ለጥቂት ብር ሽያጭ ስልክ ማየት ጊዜ ያባክናል፤ ጥሬ ገንዘብ እዚያ ቢቆይ ማንም አይጎዳም። በስልክ የምትቀበል ከሆነ ግን መልእክቱን ማንበብ አለባት። ቴሌብር በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይሠራል፤ ቋንቋ መቀየር የደቂቃ ሥራ ነው። ነገር ግን ብዙ ስልክ ላይ የምናየው መልእክት በእንግሊዝኛ ነው፣ ሲመዘገቡ የጠየቃቸው ስለሌለ። በከተማችን የሚመዘግቡ ሠራተኞች ስልኩን ከመመለሳቸው በፊት «መልእክቱ በየትኛው ቋንቋ ይምጣልዎት?» ብለው ቢጠይቁ፣ አንድ መልእክትም አስነብበው ቢያረጋግጡ የሚል ነው ጥያቄያችን።

የሱቅ ሂሳብ ሠራተኞች፣ ከጅማ