የቤት ባለቤቶች ማኅበር ደብዳቤ የፍርድ ቤት ውሳኔ አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ አንድ አንባቢ «ኤች.ኦ.ኤ. (የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ያለበት ሰፈር ቤት አትግዙ» ብለው የጻፉትን አነበብኩ። ምሬታቸው ይገባኛል። የበሩ ቀለም አልተፈቀደም፣ ሣሩ ረዝሟል፣ የቆሻሻ መጣያው በጊዜ አልገባም እየተባለ ደብዳቤ ሲደርሳቸው ከርሟል። በምክራቸው ግን አልስማማም። እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ በእኛ አቅም የሚገኘው ቤት አብዛኛው ታውንሃውስ (ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዘ ቤት) ወይም ኮንዶ ነው። እሱ ደግሞ ያለ ማኅበር የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ «አትግዙ» ማለት ለብዙዎቻችን «ዕድሜ ልካችሁን ተከራዩ» እንደ ማለት ነው።

እኔም የምኖረው ታውንሃውስ ውስጥ ነው። የእኔ ግድግዳ የጎረቤቴም ግድግዳ ነው። እሱ ጣሪያው ሲያፈስ ዝም ቢል ውሃው ወደ እኔ ይመጣል። የሰፈራችን የውስጥ መንገድ የግል ስለሆነ በረዶ ሲጥል የሚያስጠርገው ማኅበሩ ነው። አስፋልቱም፣ መብራቱም፣ የልጆች መጫወቻውም የሚታደሰው በየወሩ ከምንከፍለው ገንዘብ ነው። ስለዚህ ደንብ አያስፈልግም አልልም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሰውን ሳያነጋግሩ መቅጣት ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር አንገቱን ደፍቶ ይከፍላል፣ ወይም ፖስታውን ሳይከፍት መሳቢያ ውስጥ ይጥለዋል። ሁለቱም ይጎዱታል።

አንድ ጎረቤቴን ላንሳ። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ታክሲ ነጂ ናቸው። ሌሊቱን ሠርተው ጠዋት ይገቡና መኪናቸውን በራሳቸው ቁጥር ቦታ ያቆማሉ። ለዓመታት ማንም ምንም አላላቸውም። በኋላ ሰፈሩን ለማኅበሩ የሚያስተዳድረው ኩባንያ፣ ማኔጅመንቱ፣ ተቀየረ። የአዲሱ ኩባንያ ሠራተኛ በሰፈሩ እየዞረ ፎቶ ማንሳት ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ጋሼን «የንግድ ተሽከርካሪ ማቆም ክልክል ነው» የሚል ደብዳቤ ደረሳቸው። ምክንያቱ ታክሲው ጣሪያ ላይ ያለው ምልክት ነው።

ከዚያ ሌላ ደብዳቤ መጣ፣ ሌላም ተከተለ። ቅጣቱ በየቀኑ መቁጠር ጀመረ። ደብዳቤዎቹን የምታነብላቸው የሃይስኩል ተማሪ ልጃቸው ናት። ስለ ቅጣት፣ ስለ ጠበቃ፣ ቤት ላይ ስለሚመዘገብ ዕዳ የሚያወራ ወረቀት አንዲት ልጅ ለአባቷ ስትተረጉም አስቡት። «አባዬ፣ ቤታችንን ሊወስዱት ነው?» ብላ ጠይቃቸዋለች። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ተሰበረ። «እህቴ፣ ለመሆኑ ይሄ ከመንግሥት ነው የመጣው? ታክሲዬን ልሽጠው እንዴ?» አሉኝ።

ከመንግሥት አይደለም። ሁሉም ሰው እንዲያውቅልኝ የምፈልገው ይህንን ነው። ማኅበሩ የግል ድርጅት ነው። ሥልጣኑ የሚመነጨው ከሰፈሩ መሥራች ሰነድና ከስቴቱ ሕግ ነው። ቦርዱ የጎረቤቶች ስብስብ ነው። ደብዳቤውን የሚልከው ማኔጅመንት ደግሞ በእኛው ገንዘብ የተቀጠረ ኩባንያ ነው።

የቨርጂኒያ የቤት ባለቤቶች ማኅበራት ሕግ ስለ ቅጣት የሚለው ግልጽ ነው። ሰነዱ ወይም በሰነዱ መሠረት የወጣው ደንብ በግልጽ ካልፈቀደለት በስተቀር ማኅበሩ መቅጣት አይችልም። የተፈቀደለትም ቢሆን መጀመሪያ ጥፋቱን የምናርምበት በቂ ጊዜ መስጠት አለበት። ካልታረመ ደግሞ ቅጣቱ ከመጣሉ በፊት ቦርዱ ፊት ቀርበን የመሰማት መብት አለን፤ ከፈለግን ከጠበቃ ጋር። የመሰማቱ ቀን ቢያንስ 14 ቀን ሲቀረው በእጅ ወይም በአደራ ደብዳቤ ሊነገረን ይገባል። ውሳኔውም በ7 ቀን ውስጥ በዚያው መንገድ ይላክልናል። ገንዘቡም ጣሪያ አለው። ለአንድ ጊዜ ጥፋት ከ50 ዶላር አይበልጥም። ለሚቀጥል ጥፋት በቀን ከ10 ዶላር አያልፍም፣ እሱም ቢበዛ ለ90 ቀን ነው። ሲደመር 900 ዶላር መሆኑ ነው። ለአንድ ታክሲ ነጂ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ግን ቤት የሚያስሸጥ አይደለም፣ ልጅንም እንቅልፍ ሊነሳት አይገባም።

ጋሼን ይዤ ቦርዱ ፊት ቀረብኩ። አስቀድመን በጽሑፍ ሁለት ነገር ጠይቀን ነበር። የመጀመሪያው «ይህ ክልከላ የተጻፈው የትኛው ሰነድ ላይ ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው «የመሰማት ቀን እንዳለን የተነገረን መቼና በምን መንገድ ነው?» የሚል። ቦርዱ ውስጥ ያሉት ጡረታ የወጡ ጎረቤቶችና ከሥራ መልስ የሚመጡ ሰዎች ናቸው፤ አይከፈላቸውም። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ማኔጅመንቱ በስማቸው ምን እንደሚልክ እንኳ በደንብ አያውቁም ነበር። የአደራ ደብዳቤ እንዳልተላከ ታወቀ። የመሰማት ቀንም አልተያዘም። አንዲት የቦርድ አባል ጋሼን «ሲያቆሙ ምልክቱን ማውረድ ወይም መሸፈን ይችላሉ?» አሏቸው። ጋሼ «ይቻላል እንጂ! ይህን ብቻ ብትሉኝ ኖሮ በዚያው ቀን አደርገው ነበር» አሉ። ቅጣቱ ተሰረዘ። ነገሩ በአንድ የስልክ ጥሪ ያልቅ ነበር። ያ ሁሉ ደብዳቤ፣ ያ ሁሉ ጭንቀት ለምን አስፈለገ?

የትኛው ሰነድ ላይ ነው የተጻፈው ብለን የጠየቅነው ያለ ምክንያት አይደለም። የማኅበር ደንብ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። መሥራች ሰነዱ፣ ዲክላሬሽን የሚሉት፣ በካውንቲው ተመዝግቦ የሚቀመጥ ነው። እሱን ለመለወጥ የአብዛኛውን ባለቤት ድምፅ ማሰባሰብ ይጠይቃል፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስተኛውን። ከሱ በታች ቦርዱ ራሱ የሚያወጣቸው ደንቦች አሉ። እነዚህን ቦርዱ በአንድ ምሽት ስብሰባ ሊቀይራቸው ይችላል። የታክሲው ነገር የተጻፈው እዚህኛው ውስጥ ነበር። ማለትም በጥቂት ሰዎች ድምፅ የሚለወጥ ነገር ነው። እነዚያን ሰዎች የምንመርጣቸው ደግሞ እኛው ነን።

ግን አንመርጥም። በሰፈራችን ሐበሻ ብዙ ነው። ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ግን የምናየው የታወቁትን ጥቂት ፊቶች ነው። ምልዓተ ጉባኤ ሳይሞላ ሲቀር ምርጫ አይደረግም፤ የድሮዎቹ ይቀጥላሉ። ሌሊት የሚሠራ ሰው መምጣት እንደማይችል አውቃለሁ፤ እኔም ሌሊት ሠርቻለሁ። ለዚህ ነው የውክልና ወረቀት ያለው። ከስብሰባው ጥሪ ጋር አብሮ ይመጣል። ፈርሞ ለሚያምኑት ጎረቤት መስጠት ነው። የቦርድ ስብሰባም ለአባል ክፍት ነው፤ አባል የሚናገርበት ጊዜ እንዲኖርም ሕጉ ያዛል። የማኅበሩን የሒሳብ መዝገብ በጽሑፍ ጠይቆ ማየትም ይቻላል።

ማኅበሩ እንደፈለገ ሊከለክላቸው የማይችላቸው ነገሮችም አሉ። ለምሳሌ ዲሽ። የአገር ቤት ቴሌቪዥን ለማየት የሰቀሉትን ዲሽ በደብዳቤ ብቻ ያወረዱ ሰዎች አውቃለሁ። ከ1996 ጀምሮ የሚሠራ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ደንብ አለ። በራሳችን ይዞታ ላይ፣ ማለትም በራሳችን በረንዳ ወይም ጓሮ፣ ወርዱ እስከ 1 ሜትር የሆነ ዲሽ መትከልን ማኅበር መከልከል አይችልም ይላል። የኮንዶ የጋራ ጣሪያ ግን በዚህ አይሸፈንም፤ ይህን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1968 የወጣው የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ ደግሞ በ1988 ሲሻሻል ልጆች ያሏቸውን ቤተሰቦችና አካል ጉዳተኞችን ጨምሯል። ስለዚህ ልጆችን ብቻ ለይቶ ውጭ እንዳይጫወቱ የሚከለክል ደንብ ካለ ዝም ብላችሁ አትቀበሉት። መራመድ ላቃታቸው እናታችሁ ለበሩ የቀረበ ማቆሚያ ስትጠይቁም ልመና አይደለም፤ ማኅበሩ ጥያቄውን በአግባቡ የማስተናገድ ግዴታ አለበት።

ወረቀት ላይ የሰፈረ ሁሉ ትክክል ነው ብለው ለሚያስቡ አንድ ታሪክ ላስታውስ። በዚህች አገር «ቤቱ ለጥቁር አይሸጥም» የሚል ቃል በሰፈር ውሎች ውስጥ በሰፊው ይጻፍ ነበር፤ የሰፈር ማኅበራትም ያስፈጽሙት ነበር። በ1948 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ውል ማስፈጸም አይችሉም አለ። ያ የሆነው ቤት የገዙ ጥቁር ቤተሰቦች «አንወጣም» ብለው ስለተከራከሩ ነው። ዛሬ እኛ እዚህ ቤት መግዛት የቻልነው እነሱ በከፈሉት ዋጋ ነው።

ቦርዶችም ከዚሁ ከፌርፋክስ ካውንቲ ሊማሩ ይችላሉ። በ2008 ምርጫ ጊዜ አንድ የታውንሃውስ ማኅበር ከተፈቀደው በ4 ኢንች በረዘመ የምርጫ ምልክት የተነሳ ከአንድ ቤተሰብ ጋር ተጣላ። ጠቡ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። ፍርድ ቤቱም የማኅበሩ መሥራች ሰነድ የመቅጣት ሥልጣን አልሰጠውም ብሎ ፈረደ። የጠበቃው ወጪ በመቶ ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ሆነና ማኅበሩ ኪሳራ እስከማወጅ ደረሰ። ያ ገንዘብ የጎረቤቶቹ ሁሉ ገንዘብ ነበር፤ በጠቡ ውስጥ ያልነበሩ ሰዎች ጭምር ከፈሉት።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናለሁ። ተናድዳችሁ ወርሃዊ ክፍያውን እንዳታቆሙ። «እስኪያነጋግሩኝ አልከፍልም» የሚሉ አሉ። በዚህ መንገድ ማንም አያሸንፍም። ያልተከፈለ መዋጮ ቤቱ ላይ በዕዳ መያዣነት ይመዘገባል፤ ወለዱና የጠበቃው ሒሳብ ይጨመርበታል። በሥርዓቱ የተጣለ ቅጣትም እንዲሁ እንደ መዋጮ ይቆጠራል። ክፍያውን ክፈሉ፣ ክርክሩን ለብቻው በጽሑፍ አድርጉት። መጀመሪያ በማኅበሩ የራሱ የአቤቱታ ሥርዓት ሂዱ። የመጨረሻው መልስ ሕግ ይጥሳል ካላችሁ፣ በ30 ቀን ውስጥ ለስቴቱ የማኅበራት ዕንባ ጠባቂ ማመልከት ይቻላል። ዕንባ ጠባቂው የሚያየው የስቴቱን ሕግ መጣስ ነው፤ የማኅበሩን የውስጥ ደንብ ትርጉም አይዳኝም። ቢሆንም ብዙ ማኅበራት ጉዳዩ እዚያ ይደርሳል ሲባሉ አረማመዳቸውን ያስተካክላሉ።

ገና ለመግዛት ያሰባችሁም የማኅበሩን ሰነድ ሳታነቡ ክሎዚንግ፣ ማለትም ግዢው የሚጠናቀቅበት ፊርማ፣ ላይ አትድረሱ። ሪልተሩ (የቤት ሽያጭ ወኪሉ) «ሁሉም ቦታ ያው ነው» ቢላችሁ እንኳ። በቨርጂኒያ ገዢ የማኅበሩን የሽያጭ ሰነድ የማግኘት መብት አለው። ከደረሰው በኋላ በ3 ቀን ውስጥ፣ ውሉ ካራዘመው እስከ 7 ቀን፣ ግዢውን ያለ ቅጣት መተው ይችላል። ቫን የምትነዱ፣ ታክሲ ያላችሁ፣ ቤት ውስጥ ልጅ የምትጠብቁ እናቶች፣ መጀመሪያ የምታዩት ስለ ተሽከርካሪና ስለ ቤት ውስጥ ሥራ የሚለውን ገጽ ይሁን። የመጠባበቂያ ገንዘባቸውም ስንት እንደሆነ ተመልከቱ። እሱ ባዶ ከሆነ ነገ አስፋልት ሲሰነጠቅ ልዩ መዋጮ ይመጣባችኋል።

በሚቀጥለው ዓመታዊ ስብሰባ እኔ ለቦርድ እወዳደራለሁ። ይዤ የምቀርበው ሁለት ሐሳብ ነው። አንደኛው፣ ከማንኛውም የቅጣት ደብዳቤ በፊት ከቦርዱ አንድ ሰው ለባለቤቱ ይደውል ወይም በሩን ያንኳኳ። እንግሊዝኛ ለሚከብደው ሰው በሚገባው ቋንቋ የሚያስረዳ ጎረቤት ይፈለግለት፤ በሰፈራችን አማርኛም፣ ስፓኒሽም፣ ኮሪያኛም የሚናገር ሞልቷል። ሁለተኛው ስለ እንግዳ መኪና ማቆሚያ ነው። ባለፈው ክረምት አንዲት ጎረቤታችን እናቷ አገር ቤት ዐርፈው ሊያለቅሱ የመጡ ሰዎች መኪና በሌሊት ተጎተተ። ሰዎቹ ከለቅሶ ቤት ወጥተው በብርድ መኪናቸውን ፍለጋ ሄዱ። ልጅቷ ሐዘኗን ትታ ይቅርታ ስትለምን አመሸች። ለቅሶ ወይም ሠርግ ያለበት ቤት አስቀድሞ ለማኔጅመንቱ ካስታወቀ ለእነዚያ ቀናት መጎተት እንዲቆም ደንብ ይውጣ እላለሁ። ይህ ሐሳብ የእኛ ብቻ እንዳይመስል ከሌሎች ጎረቤቶቻችን ጋር ተነጋግሬያለሁ፤ ደግፈውታል።

ጋዜጣችሁንም አንድ ነገር ልጠይቅ። የዕንባ ጠባቂውን የአቤቱታ ሥርዓትና ስለ ቅጣት የሚናገረውን የቨርጂኒያ አንቀጽ በአንድ ገጽ በአማርኛ ብታወጡልን ብዙ ቤት ይገባል። ሕግ የተማሩ አንባቢዎቻችሁ አሉ፤ እንዲጽፉ ጋብዟቸው። ሜሪላንድ ያላችሁም የስቴታችሁ ሕግ ሌላ ነውና የገጠማችሁን ጻፉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከሰሜን ቨርጂኒያ